ማህተሙን ብቻ አንሳልኝ

ነፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ብቻ»። ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ብቻ ቀይርልኝ። ወንድሜን ከጎኔ ብቻ አስገባልኝ። አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ካሉት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ የምናማርረው ይህችኑ ቃል ነው። ደንበኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራችን በደንብ ሲሠራ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ያደከመ አይመስልም።

ነጠላን ልንገራችሁ። ለበዓል የለበሰች ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ከነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ ትነሳለች፤ ከዚያ የፋሲል ግንብ ከኋላዋ እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ነጩ ከነጩ የት ላይ እንደሚለያይ እኔም አላየው፣ ማሽኑም አያየው። ጥለቱ ጋ ስደርስ እፎይ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን በፔን ቱል ነጥብ በነጥብ እየገመትኩ ነው የምዞረው። ነጠላ ደግሞ ስስ ነው፣ ከበስተኋላው ያለውን ያሳያል። አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ከተነሳች አረንጓዴው በሸማው ውስጥ ገብቶ ግንቡ ድረስ አብሯት ይሄዳል። እሱን ለማጥፋት ነጠላውን ብቻውን በሌላ ሌየር፣ ማለትም ከምስሉ በላይ በሚነጠፍ ራሱን የቻለ ገጽ ላይ አውጥቼ፣ ቀለሙን አጥቤ፣ በማስክ ግማሽ በግማሽ አሳስቼ እመልሰዋለሁ። ጸጉር ሌላ ጣጣ ነው። ከሹሩባው አምልጠው ግንባር ላይ የቆሙትን ስሶቹን ጸጉሮች ከቆረጥኳቸው ሴትየዋ ቆብ የደፋች ትመስላለች፤ ከተውኳቸው የድሮው ግድግዳ ተጣብቆባቸው ይቀራል።

ጠርዝ ላይ ለምን ይህን ያህል እንደሚጠበቅብን ሳስብ፣ ዓይናችን በመስመር ያደገ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መጀመሪያ ንድፉን በመስመር ያወጣል፣ ቀለሙን በውስጡ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑንና የልብሱን እጥፋት በጥቁር መስመር ያጸናዋል። ሥዕል ማለት ጠርዙ የታወቀ ነገር ነው። ፎቶግራፍ ግን መስመር የለውም። የሰው ጉንጭ ወደ ጥላው ሲያልፍ ድንበር አያኖርም፤ ድንበሩን የማኖረው እኔ ነኝ፣ ስሳሳት ደግሞ ሰውዬውን ነው የማሳስተው።

ሌየር ባይኖር ኖሮ ይህ ቆርጦ ማውጣትም አይሞከርም ነበር። የምንሠራበት ፎቶሾፕ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ሌየር አልነበረውም፤ በ1994 በሦስተኛው እትም ነው የመጣለት። እኛ ግን ሌየር እያለን እንደሌለን የምንሠራበት ጊዜ ይበዛል። የድሮ ኮምፒውተር ሠላሳ ሌየር ሲሸከም ይንገታገታል፣ ስለዚህ ያለቀውን እያጣበቅን እንሄዳለን። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሴቭ ያላደረግነው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ባነር ሲሆን ጽሑፍ ይጨመርበታል። «ሙት ዓመት» ብላችሁ ጽፋችሁ ዙሪያውን ወፍራም ስትሮክ አድርጉበት፤ የሙ እና የመ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ከሩቅ ሁለት ጥቁር ዶቃ ይመስላሉ። ሲያሳሱት ደግሞ ደንበኛው አይነበብም ይላል። ማተሚያው ያለው ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የኔ ፎንት ከሌለው ፊደሉ ስለሚለወጥ ጽሑፉን ወደ ምስል ለውጬ፣ ሁሉንም አንድ አድርጌ በፍላሽ እልካለሁ። ልክ ፍላሹን የያዘው ሹፌር መኪናውን ሊያስነሳ ሲል አንድ መሪጌታ ይመጡና፣ «ልጄ፣ ሥላሴ የሚጀምረው በንጉሡ ሠ ነው፣ አንተ በእሳቱ ጽፈኸዋል» ይላሉ። ትክክል ናቸው። የምንኖርበት ጋይንት የቤተልሔምና የዙር አምባ ጉባኤ ቤቶች አገር ነው፤ ድጓና ዝማሬ መዋሥእት የሚመሰከርበት አገር ላይ ፊደል ተሳስቶ ባነር አይሰቀልም። ግን ጽሑፉ ጽሑፍነቱ ቀርቷል፣ ምስል ሆኗል። ለአንዲት ሠ ሌሊቱን እንደገና እቀመጣለሁ።

ከሁሉም የሚከብደኝ የሟች ፎቶ ነው። አንዲት እናት ከስማዳ የልጃቸውን የቀበሌ መታወቂያ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡ። ሌላ ፎቶ የለውም። የቀበሌው ክብ ማህተም ከጥጉ ተነስቶ ግራ ጉንጩን ይዞት ነበር። «ማህተሙን ብቻ አንሳልኝ፣ ፊቱ እንዳለ ይሁን» አሉኝ። ማህተሙ ከፊቱ በላይ የተቀመጠ ሌየር ቢሆን በአንድ ጠቅታ ይነሳ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀለሙና ጉንጩ አንድ ናቸው። 3 በ4 ሳንቲሜትር ጉርድ ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ስካን ሲደረግ በወርዱ የሚሰጠው 354 ነጥብ ነው። ያን ፊት 1 ሜትር ወርድ ላይ ለመዘርጋት፣ ባነር በሚታተምበት በ72 ጥራት እንኳ፣ 8 እጥፍ መለጠጥ አለበት። አንዷ ነጥብ ስትለጠጥ ሌላ ዝርዝር አትወልድም። የጎደለውን የምሞላው በግምት ነው። ከቀኝ ጉንጩ ቆዳ ወስጄ፣ ገልብጬ፣ ጥላውን አስተካክዬ፣ ሁለት ሌሊት ሠራሁ። ማሽኑ መንቀራፈፍ ሲጀምር ሌየሮቹን አጣበቅኳቸው።

እናትየው መጥተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ግራ ጉንጩ አስጠግተው፣ «እዚህ ጋ ጠባሳ ነበረችው፣ በልጅነቱ ወድቆ» አሉኝ። ማህተሙ ያረፈው እሷ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ቁመቷን ያሳዩኝ» አልኳቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። ፋይሉን ከፈትኩት። አንድ ሌየር ብቻ ነበረው።