ዓረብኛ የሚችለው የቦሌ ኮምፒውተር

በቦሌ ለሚሠራ የትርጉም ቤት ኮምፒውተር ዓረብኛ ማስተማር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ቋንቋውን መጨመር፣ ቁልፎቹ ላይ ፊደል መለጠፍ። ለዓረብኛ ይህን ሁሉ ሥርዓት የሚያሟላው ጸሐፊ ግን ለደንበኛው «ሰነድዎ ደርሷል» ብሎ በአማርኛ ሲልክ በላቲን ፊደል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ፊደላችን ብዙ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ዓረብኛ በ28 ፊደል ይብቃቃል፣ የእኛው ከ200 ያልፋል። ነገር ግን የዓረብኛው ፊደል በቃል መነሻ፣ መሐልና መድረሻ መልኩን ይለዋውጣል፤ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጓዝ መሐሉ የገባ ቁጥር ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ማሽን «ሀ» ላይ ሲደርስ ወገቡ ተቆረጠ ማለት ሐሜት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳም በ2007 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቷል።

የዓረብ ወጣቶችስ በላቲን አይጻጻፉም ወይ? ይጻጻፋሉ፤ እንዲያውም ለጎደላቸው ድምፅ 3ንና 7ን ይቀጥራሉ። ያንን ይዞ ቆንስላ የሚሰለፍ ግን የለም። ዓረብኛው ከተበላሸ ሰነዱ ይመለሳል፤ አማርኛው ሲበላሽ «ገባኝ» የሚል ምላሽ ይመጣል። በላቲን የተጻፈ አማርኛ የሚመልስ አንድ መስኮት ቢከፈት፣ ቁልፍ ሰሌዳው ከምሳ ሰዓት በፊት ይጫን ነበር።