አራት ጣት

ቋሚዋ ዘማለች። አውቃለሁ። ይህንኑ ሊነግረኝ ያሰበ ካለ እግሩን ባያደክም ደስ ይለኛል፤ በጎጃም ደብረ ኤልያስ በቤቴ ፊት ያለፈ ሁሉ፣ አህያ ነጂው ሳይቀር፣ ነግሮኛልና። በረንዳዬ አራት ቋሚዎች አሉት። ሦስቱ ቅዳሴ እንደገባ ዲያቆን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከመንገዱ በኩል ያለችው አራተኛዋ ግን ከራሷ እስከ እግሯ ስትለካ አራት ጣት ወደ ምሥራቅ አዘንብላለች። አራት ጣት ነው እንግዲህ! ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሰው ግን ሦስቱን ቀጥ ያሉትን ዝም ብሎ ያልፋቸውና አራተኛዋ ጋ ሲደርስ አፉን ይከፍታል።

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም መሆኑን ታውቃላችሁ። ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ አዝመራው ይጠየቃል፣ ዝናቡ የተጠየቀ እንደሆነ ደግሞ ምሳ ይደርሳል። ድሮ ይህ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ላይ ሲደርስ ያበቃ ነበር። ዘንድሮ ቅጥያ ተበጅቶለታል። «እግዚአብሔር ይመስገን… ኧረ አያ፣ ይቺ ቋሚ ግን ዘመም አላለችም?» ይለኛል ሰውዬው፣ መሬቱ ሲከዳ እሱ ቀድሞ ያወቀ ይመስል አንገቱን ወደ ምሥራቅ እያዘነበለ።

ቤቱ የአባቴ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። አባቴ ቆርቆሮውን የገዛው የአንድ ዓመት ጤፍ ሸጦ እንደነበር እናቴ እስክትሞት ድረስ ታስታውሰው ነበር፤ ለምስጋና ይሁን ለወቀሳ ግን ለይቼው አላውቅም። በፊት በኩል ጣራው አንድ ቆርቆሮ ያህል ወጣ ብሎ በቋሚ ተደገፈና በረንዳ ሆነ። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የጭቃ መደብ ነበረው። አባቴ ማታ ማታ እዚያ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይል ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ እያስተማርኩ ቢቸናና ሞጣ ስዞር ምስጥ ቋሚዎቹን ከሥር በላቸው፣ የክረምቱ ወጨፎ መደቡን አጠበው። ጡረታ ወጥቼ ስመለስ ባለቤቴ በረንዳውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «እዚህ ላይ ሰው ቢቀመጥ ጣራው ቀድሞት ይቀመጣል» አለች።

በጀቴ 12,000 ብር ነበር። በዚህ ገንዘብ በረንዳ አድሼ፣ መቀመጫ አሟልቼ፣ ለቀለም እንኳ ይተርፈኛል ብዬ ነበር። የሒሳብ መምህር አልነበርኩም፤ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው።

መጀመሪያ ቆርቆሮ ቤት ሄድኩ። ቆርቆሮ በጌጅ ይሸጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። የአባቴ ዘመን 28 ጌጅ በመዶሻ ቢመታ መዶሻውን ይመልሳል፤ ዛሬ በደረቴ ልክ የተደረደረው 35 ጌጅ በዓይን ሲያዩት ይጨማደዳል። ሻጩ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው» አለኝ ሊያጽናናኝ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ከተለቀቀ ወዲህ ምስማሩም ማጠፊያውም ጠዋትና ማታ ዋጋቸውን እየቀያየሩ ነው። እኔ የገዛሁት ማታ ነበር።

ቋሚዎቹን ከባሕር ዛፍ አስቆረጥኩ። ወይራ ቢሆን ምስጥ አይደፍረውም ነበር፤ የወይራ ቋሚ ለመግዛት ግን ቤቱን መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ የባሕር ዛፎቹን ሥር ከጋራዥ በለመንኩት የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት። ለምርጊቱ አፈሩ ከጓሮ በነፃ ተገኘ። ጭዱ ግን በነፃ አልተገኘም። የጤፍ ጭድ ዘንድሮ ለበሬው እንጂ ለግድግዳ የሚያስቀርለት የለም። አፈሩና ጭዱ ውኃ ጠጥቶ፣ እየተረገጠ፣ ሳምንት ቦካ። ጎረቤቱን ሽታው ያስነጥሰው ጀመር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ጥሩ ጭቃ እንደ ጥሩ ሊጥ ነው፣ ካልሸተተ አልበሰለም።

ጉልበቱን ደግሞ በደቦ አደርገዋለሁ አልኩ። የዋህነቴ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ደቦ በነፃ ነው የሚል ሰው ደቦ ጠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ጠራሁ፤ አሥራ ዘጠኝ መጡ። ሁለት ጋን ጠላ ተጠመቀ። በግ ይታረድ ያለም ነበር፤ ባለቤቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ማታ ሒሳቡን ስናስበው ሁለት ሠራተኛ ለሦስት ቀን ቀጥሬ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። ግን ከቀጠርኳቸው ማን ይዘፍናል?

የቋሚዋም ጉዳይ የመጣው ከዚሁ ነው። ሦስቱ ቋሚዎች የተተከሉት ከምሳ በፊት ነው። አራተኛዋ የተተከለችው ከምሳ በኋላ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት በወዳጅ ላይ ክፉ መናገር ይሆንብኛል።

መቀመጫውን በተመለከተ ብዙ አልተጨነቅሁም። የአባቴ የጠፍር አልጋ ወገቡ ላልቶ ጓዳ ተጋድሞ ነበር፤ እግሩን በሁለት ጣት አሳጥሬ፣ ጠፍሩን አጥብቄ፣ አጎዛ ጣል አደረግሁበትና አግዳሚ ሆነ። ሁለት የዋንዛ ዱካዎች ከአማቴ ቤት መጡ (ተውሶ ነው ተብሏል፤ ተውሶ ሆኖ ይቀራል)። መደቡ እንደገና ተመረገ፣ ወለሉ በእበት ተለቀለቀ። ከሰርግ ቤት የመጣች፣ ባለቤቷ ያልታወቀ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ወንበርም አለች። የተሰነጠቀው ጋን አፈር ተሞልቶ ጤና አዳም በቀለበት፤ በዘይት ጣሳዎቹ ውስጥ በሶብላ አለ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ውበት ሰው ያልፈውና ቋሚዋን ያያል።

ከሁሉ የከፋው ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ደብረ ኤልያስ ላይ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ እዚህ ነውር በተራ ቃል አይነገርም። መሪጌታ ቆም አሉ፤ መቋሚያቸውን ተደገፉ፤ ቋሚዋን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ቁሙን ጨርሳ ዝማሜ ገብታለች። መረግድ ላይ ሳትደርስ ብትጠነቀቅ ይሻላል» ብለው ሄዱ። አቋቋም ለማያውቅ ልንገረው፤ ሊቃውንቱ መጀመሪያ ቆመው ያዜማሉ፣ ከዚያ መቋሚያ እያዘነበሉ ይዘማሉ፣ ከዚያ መረግድ፣ ከዚያ ጭብጨባው ጽፋቱ። ቤቴ ጽፋት ላይ ሲደርስ የሚያጨበጭበው ምን እንደሆነ ማሰብ አልፈለግሁም። ለሁለት ቀን ግን ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«አጎቴ፣ የት ነህ?»

«በረንዳ ላይ።»

«የቱ በረንዳ?»

«የጎጃሙ በረንዳ ነዋ!»

«መጥተሃል እንዴ? እኔም እዚያው ነኝ! በየት በኩል ነህ?»

ልጁ የሚሠራው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው። ሁለታችንም ጎጃም በረንዳ ላይ ነን፤ በመካከላችን የዓባይ በረሃ አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ነገሩ አልለቀቀኝም። ጎጃም በረንዳ የሚባል ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ እህል በረንዳም አለ፣ በርበሬ በረንዳም አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደዚያ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ በረንዳ በበረንዳ ሆናለች። ጎጃም ውስጥ ግን ጎጃም በረንዳ የለም! የእኛ ሰው አገሩ ላይ ያላቆመውን በረንዳ ሰው አገር ሄዶ በስሙ አስጠራው። ቃሉም የእኛ አይደለም፤ ጣሊያኑም እንግሊዙም ሕንዱም በየአፉ ይለዋል። የእኛ ቃል ደጅ ነው። ደጅ ደግሞ ማዕረግ ነበረው። ትልቅ ሰው ዘንድ ደጅ ይጠናል፤ ደጅ ጠንቶ ጠንቶ የተሳካለት ደጃዝማች ይባል ነበር። በረንዳዝማች የተባለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በበረንዳ ስም የተጠራው በረንዳ አዳሪው ብቻ ነው። እንዲያውም አባቴ «በረንዳ» ሲል አልሰማሁትም፤ «ደጅ ነኝ» ነበር የሚለው። የዘመመ ደጅ ያለው ሰው የለም፤ የሚዘምመው በረንዳ ነው። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። «ደጅም በለው በረንዳ፣ ቋሚዋን አቃናት» አለችኝ።

የልጁ መደወል ምክንያት ግን ሌላ ነበር። «አጎቴ፣ ምን ብለህ በዚያ ጭቃ ቤት ላይ ገንዘብ ታፈሳለህ? አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው እንጂ።»

አፍርሰህ! ይህን ቃል ማን ነው እንዲህ ያቀለለው? የሚነግረኝ ልጅ በአንዲት ክፍል ከሦስት ሰው ጋር ተከራይቶ ያድራል፤ ሆኖም አፍርስ ለማለት ዐቅም አያንሰውም። እሱ ብቻ አይደለም። ዕድር ላይም አፍርስ፣ ገበያም አፍርስ፣ አንድ ወረቀት ላስፈጽም የገባሁበት ቢሮም «ጭቃ ነው?» ብሎ በቅጹ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ዓይነ ስውር እንደሆንኩ አድርጎ አየኝ። ኮርኒስ የሌለው የብሎኬት ቤት መጋቢት ቀትር ላይ ምጣድ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ወንዝ። የጭቃ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጥሃል። ይህን ለማወቅ ቅጽ መሙላት አያስፈልግም፤ ማደር ነው። ጭቃ ማቡካት የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ እያረጁ ነው፤ የሚተካቸውን ደግሞ እያሳፈርን ነው፤ ከዚያ ዞረን «ጭቃ ቤት አይቆይም» እንላለን። ባይቆይ አባቴ ከሞተ በኋላ ማን አስጠለለኝ? ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩት እዚህ ደብረ ኤልያስ ነው፤ የቅኔ ተማሪው ያደረው በሣር ጎጆ ነው እንጂ በብሎኬት አይደለም። ጎጆው ለመጽሐፉ አልጠበበውም። እንዲያው ለመሆኑ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ስስል የኖርኩ ሰው ምን አድርጌ ነው…

ይቅርታ። ጠላው አይደለም፤ ቡናው ነው።

ከዚህ በኋላ አናጢ ጠራሁ። ቱንቢውን ይዞ መጣ። ነቢዩ አሞጽ ያየው ቱንቢ ሕዝብ የሚለካበት ነበር፤ የእኛ አናጢ ቱንቢ የብረት ፍሬ በሲባጎ የታሰረበት ነው፤ ግን ሲንጠለጠል ያው ፍርሃት ፍርሃት ይላል። ቋሚዋ ላይ አንጠለጠለው። አራት ጣት። የሚታወቅ ነው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ እጁ ስለማያርፍ ብቻ ይመስለኛል፣ ቱንቢውን ወደ አባቴ ግድግዳ ወሰደው።

ሁለታችንም ዝም አልን። ግድግዳው ከቋሚዋ ይበልጥ ዘሟል፤ ወደ ምዕራብ።

አናጢው ሲባጎውን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «ቋሚዋን ልንቀላት ወይስ?» አለኝ። እኔ ስለ ቡናው ጠየቅሁት። ለጊዜው ይቆይ አልኩት። ቋሚዋ ከተቃናች የሰው ዓይን ምን ላይ ያርፋል? አራት ቀጥ ያሉ ቋሚዎች ካየ በኋላ ወደ ውስጥ ማየቱ አይቀርም። በእኛ አገር ቅኔ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፤ ሰሙ ቋሚዋ ናት፤ ወርቁን አናጢውና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። አናጢው ደግሞ ሦስት ብርጭቆ ጠላ ከጠጣ በኋላ ምሥጢር ጠባቂ ለመሆኑ ዋስ አልቀርብለትም።

ሞጣ ሳስተምር አንድ ቅዳሜ ሰባራ ድልድይን ለማየት ዓባይ ወረድን። በፋሲል ዘመን የተሠራ ድልድይ ነው። በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ፣ ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲሻገርበት ኖረ። የደነቀኝ መሻገሩ ብቻ አይደለም። ስሙ ነው። ሰባራ ድልድይ። በእኛ አገር የተሰበረ ነገር እስኪጠገን ድረስ ስም ይሰጠዋል፤ ስም ካገኘ ደግሞ ጥገናው አያስቸኩልም። የእኔም ቋሚ ስም አግኝታለች፤ ገበያተኛው «ዘማማዋ ቤት» ማለት ጀምሯል። ባለፈው አንድ ሰው «የመምህሩ ቤት የት ነው?» ሲል «ዘማማዋን አልፈህ» አሉት፤ አልፎኝ ሄደ።

ትናንት ማታ መሪጌታ መጡ። ዱካው ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ቋሚዋ ላይ አሳረፉ፤ አራት ጣቱ ለጀርባ እንዲህ እንደሚመች እስካሁን አላየሁትም ነበር። ባለቤቴ ቡና አቀረበች። ዶሮዎቹ ደመናውን አይተው ወደ በረንዳው ወጡ። መሪጌታ የመጀመሪያውን ስኒ ጨርሰው፣ የቅኔ መምህር የደቀ መዝሙሩን ስህተት ሊያወጣ ሲል እንደሚያደርገው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ከቋሚዋ አልፈው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «መምህር፣ ይህ ግድግዳ ግን…» ብለው ጀመሩ፤ ዝናቡም በዚያች ቅጽበት ያን ሁሉ ብር የፈጀውን 35 ጌጅ ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ግን አልሰማም። ወደ ጆሮዬ አመለከትኩና ሁለተኛውን ስኒ ቀዳሁላቸው።