ደርሶ መልስ

ጅዳ የምንኖር ሐበሾች ከቀይ ባሕር ጋር ያለን ዝምድና የምራትና የአማት ነው፤ እንከባበራለን እንጂ አንላመድም። ማታ ማታ ኮርኒሽ ወጥተን ምንጣፍ እናነጥፋለን፤ ሻይ እንጠጣለን። ከ250 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወረወረውን የንጉሥ ፋህድን ፏፏቴ ከጀርባችን አድርገን ፎቶ እንነሳና ለአገር ቤት እንልካለን። ባሕሩን ግን አንነካውም። የነካው ካለም እግሩን ሊታጠብ ነው።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም፤ ወንዞቻችንም እንደኛው ናቸው። ዓባይ ቀይ ባሕርን በጎን እያለፈ፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። አዋሽማ ይባስ ብሎ አፋር ድረስ ይወርድና፣ ባሕሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሐሳቡን ቀይሮ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ ቀይ ባሕር የሚገባ ወንዝ ከየትም አገር የለም። ዝናብም እምብዛም አይጎበኘውም። ፀሐይ የምታተንበትን የሚተካለት በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው የውቅያኖስ ውኃ ነው። ስለዚህም ሌላው ውቅያኖስ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ የእኛው ጎረቤት 40 ያህል ይይዛል።

እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል «በጀልባ ወጥተን ደሴት እንይ» የሚለውን ሐሳብ ማን እንዳመጣው እስካሁን አልታወቀም። ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። ብቻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓዚዚያ እንገናኝ ተባለ።

ዓዚዚያ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ እኛ ያለንበት የጅዳው ነው። ሌላው የመካው ነው፤ ከሐረም ወደ ሚና በሚወስደው በኩል ያለ፣ በሐጅ ሰሞን ሕንጻው ሁሉ በሐጃጅ የሚጨናነቅ። በመካከላቸው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል አለ። አክስቴ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ የመካው ዓዚዚያ ውስጥ የሐጃጆች ማረፊያ ላይ ይሠራሉ። ያን ዕለት ጠዋት ደውለው «እኔ ዓዚዚያ ቆሜያለሁ፤ እናንተ የት ጠፋችሁ?» ሲሉኝ የቆሙት ገና ከቤታቸው በር ላይ ነበር። ሌላ ዓዚዚያ መኖሩን ያውቃሉ፤ ግን አይቀበሉትም። «እናንተ ጋ ያለው ስሙ ነው» ይላሉ።

ሄደን አመጣናቸው። የተጓዡ ቁጥር ስምንት ነበር፤ ነገር ያለባቸው ግን ሦስቱ ናቸው። አንደኛዋ እቴቴ ናቸው። ሁለተኛው የባሕር ዳሩ ጎረቤታችን ነው። እሱ ራሱን የውኃ ልጅ ብሎ ከሾመ ቆይቷል። ጣና ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ፣ የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር፣ ጉማሬ ሲመጣ ወዴት እንደሚቀዘፍ ሳምንቱን ሙሉ አስተምሮናል። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ቀይ ባሕር መሐሉ ላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ይህን ጉዞው ከተቆረጠ በኋላ አንብቤ ለራሴ ያዝኩት።

ሦስተኛው ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ የሚኖር ወጣት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሳውዲ የገባው በኦቦክ፣ ማለትም ከጅቡቲ በሌሊት ጀልባ የመን ተሻግሮ ነው። ዛሬ ከፊል የሚባለው ዋስ አሠሪም፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድም አለው፤ አልሐምዱሊላህ። ስለዚያች ሌሊት አያወራም፤ እኛም አንጠይቅም። ጀልባዋ ወደምትነሳበት ኦብሁር ደርሰን ሲያያት ግን ጥያቄው የእሱ ሆነ።

«ስንት ሰው ነው የሚጭኑት?»

«ስምንት።»

«ስምንት ብቻ?» ነገሩ ማጭበርበር መሰለው። «ጃኬትስ?»

«ለሁሉም ይሰጣሉ።»

«እሺ፤ የት ነው የሚያወርዱን?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«የተነሳንበት። ሄደን፣ አይተን፣ እንመለሳለን።»

ትንሽ ዝም አለ። «ከፍለን?» አለ ቀጥሎ።

መልስ የሰጠው የለም፤ ደግሞም ምን ይባላል? በዚህ ባሕር ላይ ስንት ዘመን ተመላልሰናል፤ ሐጃጁ ከምፅዋ በሳምቡክ ተሻግሯል፣ ነጋዴው ተሻግሯል፣ ዛሬም ሥራ ፈላጊው በየሌሊቱ ይሻገራል። ጀልባ ማለት ለእኛ ከዚያ ማዶ የሆነ ነገር ያለበት ጉዳይ ነው። ባሕር ላይ ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሱበት ለመመለስ ገንዘብ የሚከፈልበት ዘመን ላይ እንደደረስን ለልጁ ማስረዳት ቀርቶ ለራሴም ከበደኝ።

ክፍያው ላይ እቴቴ ተነሱ። ጀልባ አከራዩ ዋጋውን ሲነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው በአረብኛ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ሰሃቦቹ ወደ እኛ አገር ሲሻገሩ ስንት እንደከፈሉ ታውቃለህ? ግማሽ ዲናር! ያውም እስከ ሐበሻ! አንተ እዚህ አሸዋ ጋ ለማድረስ ይህን ሁሉ?»

እቴቴ ከኪሳቸው አላወጡትም። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ከመካ ተነስተው ወደ አክሱሙ ንጉሥ ሲሄዱ፣ ሹዐይባ ወደብ ላይ ሁለት የንግድ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር እንደተሳፈሩ ታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ መዝግቦታል። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው ከዚያ በኋላ፣ በ647 በኸሊፋው ዑስማን ዘመን ነው። ዑስማን ራሳቸው ከእነዚያ ተሳፋሪዎች አንዱ ነበሩ። የጀልባ ጉዞን ችግር የሚያውቅ ሰው ወደብ ሲመርጥ ደስ ይላል።

አከራዩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሳቀና «ያ ኻላ፣ ያኔ ሸራ ነበር፤ ነፋስ በነጻ ነው» አላቸው። ጥቂት ቀነሰላቸው። ለነዳጅ ነው እንጂ ለጠበሪ እንዳልሆነ ግን አስምሮበታል።

ክፍያው አልቆ ካፒቴኑ አልመጣም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሰሃቦቹን ያሳደዷቸው የመካ ቁረይሾች ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደው ነበር ይባላል። እቴቴ ሰዓታቸውን እያዩ «የዛሬው ካፒቴን ቢሆን ኖሮ ይይዟቸው ነበር» አሉ።

ከዚያ የድንበር ጠባቂዎቹ ፍተሻ መጣ። ባሕር ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ኢቃማውን ማሳየት አለበት። ስምንት ሐበሻ በአንድ ጊዜ ኢቃማ ሲያወጣ ያለውን ጸጥታ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ልብህ እያወቀ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ወታደሩ አንድ በአንድ አየና «መልካም ሽርሽር» ብሎ መለሰልን። ሽርሽር! አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ኢቃማዬን አይቶ እንዲህ ያለኝ ያን ዕለት ነው። ባሕሩ ውስጥ ያሉት ዶልፊኖች በበኩላቸው ከሱዳን ዳርቻ ቢመጡም የሚጠይቃቸው የለም።

ከኦብሁር ሰርጥ ወጥተን ክፍት ባሕር ላይ እንደደረስን የውኃው ልጅ ድምፁ ጠፋ። መጀመሪያ ስለ ጣና ማውራት አቆመ፤ ቀጥሎ ማውራት አቆመ፤ ከዚያ የጀልባዋን ጠርዝ አቅፎ ጠዋት የበላውን ፉል ለቀይ ባሕር አስረከበ። እቴቴ ጀርባውን እያሹ «አብሽር ልጄ፣ ጣናም ቢሆን እንዲህ ያደርግሃል?» ይሉታል። እኔ ምሕረት ይሁን ጭካኔ አልለየሁትም።

ዶልፊኖቹ የመጡት ያኔ ነው። ከውኃው ወጥተው አየር ላይ እንደ እንዝርት እየተሽከረከሩ የሚወድቁት ዓይነት ናቸው። ከጀልባዋ አፍንጫ ፊት ፊት ሮጡ፤ ሁለት ጊዜ ዘለሉ፤ ከዚያ ሰለቸናቸው መሰል ሄዱ። የመን ሰው የሆነው ካፒቴናችን እነዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያድኑ አድረው ቀን ቀን ሪፉ መካከል ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ እንደሚያርፉ ነገረን። «የሌሊት ፈረቃ ናቸዋ!» አለች አብራን የነበረች፣ ሆስፒታል በጽዳት የምትሠራ እህታችን፤ «ታዲያ አታስነሷቸው! ቀን የሚተኛ ሰው በር ሲንኳኳበት ምን እንደሚል እኔን ጠይቁኝ።» ካፒቴኑ ሞተሩን ቀነሰ። በእሷ ቁጣ ይሁን በሕጉ አላውቅም፤ መቀነሱ ግን ትክክል ነው።

በያዳ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ክርክር። በያዳ የጅዳ ሰው ሁሉ የሚያወራላት፣ ውኃዋ ከሰማይ የቀለለ ሰማያዊ፣ ከሥሯ ነጭ አሸዋ የሆነች ቦታ ናት። አብዛኛው ውኃው ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ጥላ የለ።

«ደሴቱስ የታል?» አለ የውኃው ልጅ፣ ነፍሱ መለስ ብላ።

«የቆምክበት።»

«ይኼ?» ለእሱ ደሴት ማለት የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ ጫካ ያለው፣ ገዳም ያለው፣ ነገሥታት የተቀበሩበት፣ ቢያንስ በር ላይ «ወዴት ነህ?» የሚል አንድ መነኩሴ ያለበት። «ሰው የሌለበት፣ ዛፍ የሌለበት... ይኼ እኮ መሬቱ ገና ያላለቀ ነው» አለ። ከጀልባው ወርዶ ጠንካራ ነገር ስለረገጠ ግን ሲወቅስ እንኳ ፊቱ ያበራል።

ጀበና ይዘን ነበር። ካፒቴኑ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው ስላለ ቡናው በፔርሙዝ ሆነ፤ ይህን እስካሁን ይቅር ያላልነው ብዙ ነን። እቴቴ ዙህር ሰግደው ሲጨርሱ ውኃው በሸሸላት ጠርዝ ላይ ምንጣፍ ዘረጋንና ምሳ ቀረበ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በደረቅ አሸዋ ላይ እንደተቀመጠ፣ ስልኩ ላይ ያነበበውን ሊያካፍለን የመረጠው ይህችን ሰዓት ነው።

«ይህ ነጭ አሸዋ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? በቀቀን ዓሣ የሚባል አለ፤ መንጋጋው እንደ በቀቀን አፍ የሆነ። ኮራሉን እየነከሰ ይፈጫል፤ የሚጠቅመውን ያስቀርና የቀረውን... ከኋላ ያወጣዋል። ትልልቆቹ በዓመት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ያወጣሉ። አብዛኛው ነጭ አሸዋ እሱ ነው።»

እጆች ሁሉ ሳህን ላይ ቆሙ። ሁላችንም የተቀመጥንበትን አየን፤ ከዚያ እቴቴን አየን፤ እቴቴ የሰገዱበትን አዩ። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ጠሃራ ነው ወይስ አይደለም? እቴቴ ብዙ አላሰቡም። «ባሕሩ ጠሃራ ነው፣ የባሕሩ ነገር ጠሃራ ነው፤ አንተ ደግሞ ሰው ሲበላ ስልክህን ዝጋ» ብለው ፈረዱ። ምሳው ቀጠለ። ካፒቴኑ በጸደይ ወራት ከጅዳ በስተደቡብ አል ሊስ አካባቢ ስለሚሰበሰበው፣ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ስለሆነው ዌል ሻርክ፣ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት እየበላ ሰው እንደማይነካ ሊያወራ ሲጀምርም የውኃው ልጅ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?»

ከዚያ ወሬው ወደ ዳህላክ ዞረ፤ ሐበሻ ባሕር ላይ ሆኖ ይህን ወሬ ካላነሳ አይሆንለትም። ከምፅዋ ፊት ለፊት ያሉት ከመቶ በላይ ደሴቶች፣ አብዛኞቹ ሰው የማይኖርባቸው፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር እስክትሆን በጂኦግራፊ ደብተራችን ላይ የእኛ ነበሩ። ምን አደረግንባቸው? ጣሊያን ከመካከላቸው ኖክራ ላይ እስር ቤት ሠራ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባሕር ኃይል እዚያው ኖክራ ላይ ሰፈረ። ፎልኮ ኩሊቺ የሚባል ጣሊያናዊ ከጠላቂዎች ጋር ወርዶ የዳህላክን ውኃ ውስጥ ፊልም ቀርጾ በ1954 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳየ። እኛስ? እኛ ካርታው ላይ በሰማያዊ ቀለም ከበብናቸው። ኤሊው፣ ዱጎንጉ፣ ሻርኩ ያኔም ነበሩ፤ «ቅዳሜ እንሂድና እንያቸው» ያለ የአገሬ ሰው ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም። አሁን ባሕር በር፣ ባሕር በር የሚለውን ክርክር በሰማሁ ቁጥር፣ በሩ ቢከፈት ስንታችን ጃኬት ለብሰን እንደምንወጣ አስባለሁ።

ሳውዲዎቹ ነቅተዋል። ሰሜን ላይ ኡምሃት ደሴቶች ሆቴል ተሠርቶባቸው፣ የአንድ ሌሊቱ ዋጋ የአንዲት የቤት ሠራተኛን የወር ደመወዝ ያስንቃል። አሮያ የሚባለው ግዙፍ የሽርሽር መርከብ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ከጅዳ ጉዞ ጀምሯል፤ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ይጭናል። እቴቴ ቁጥሩን ሲሰሙ «ይኼማ ሐጅ ነው፤ እኔ ከሐጃጅ ዐርፌ መጥቼ!» አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ዶልፊን ከአሥራ ምናምነኛ ፎቅ ምኑ ይታያል?

ወደ ኦብሁር ስንመለስ ካፒቴኑ ስለ ፈረሳን ደሴቶች አነሳ። ሚዳቋ አለ፤ የሮማ ወታደሮች በ144 እ.ኤ.አ. የጻፉት ድንጋይ ተገኝቶበታል፤ በዓመት አንዴ ደግሞ ሐሪድ የሚባል ዓሣ በመንጋ ወደ ዳር ሲመጣ ሰው ሁሉ መረብ ይዞ ውኃ ውስጥ ይሮጣል። ሐሪድ ራሱ የበቀቀን ዓሣ ነው።

«ያ አሸዋ የሚሠራው?» አሉ እቴቴ። «እሱ ጋ ሒሳብ አለኝ። መርከቡስ ስንት ነው?»

«ከጂዛን መርከቡ በነጻ ነው፤ መንግሥት ነው የሚያመላልሰው። አንድ ሰዓት ያህል።»

በነጻ! እቴቴ ወዲያው ተጓዥ መመዝገብ ጀመሩ። ጂዛን ከጅዳ 700 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ፣ ነጻ መርከብ ለመሳፈር የሚፈጀው ቤንዚን ደግሞ የዛሬውን ጀልባ ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል ብንነግራቸው ሊሰሙን አልፈለጉም። ወጣቱ ጃኬቱን እንደለበሰ እጁን አወጣ። የውኃው ልጅ ብቻ ዝም አለ።

«አንተስ?» አሉት።

«እኔ እመጣለሁ፤ ግን መኪናዋን ወደብ ላይ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ሄዳችሁ ተመለሱ፤ እኔ ጂዛን ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።»

ካፒቴኑ ከመሪው ዞር አለ። «ችግር የለም» አለ፤ «መኪናም ይጭናል።»