የጾመኛ ባል ሐሳብ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባል ሚስቱን አይወድም ብሎ የሚፈርድ ሰው ጾሙን ረስቷል። እርግጥ ነው፣ ሚስቱን በአደባባይ እጇን ይዞ አይሄድም፤ ገበያ ሲወርዱ እሱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት፣ እሷ ሸክሟን አዝላ ከኋላ ናቸው። «እወድሻለሁ» ማለትም ድንጋያማ መሬት ከማረስ ይብስበታል። ነገር ግን ፍቅር የሚታወቀው ሐሳብ ሲለቀቅ በሚሄድበት አቅጣጫ ከሆነ፣ ከእሱ የሚበልጥ አፍቃሪ ማግኘት ያስቸግራል። ማስረጃዬ የቀን መቁጠሪያው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3፣ የነቢያት ጾም ከ40 በላይ፣ የሐዋርያት ጾም እንደ ዓመቱ የሚረዝም የሚያጥር፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ደግሞ ሥጋና ወተት ይቅር ብቻ ሳይሆን መኝታም ይለይ ይላል፤ በቁርባን የተጋቡት ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። (ባልየው ቄስ ከሆነማ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አግብቶ በክህነት መቆየት አይችልምና፣ ስታስነጥስ ቀድሞ «ይማርሽ» የሚል እሱ ነው።) ሰው የተከለከለውን ማሰቡ አይቀርም፤ ይህ ባል የተከለከለው የገዛ ሚስቱን ነው። ስለዚህ በቅዳሴ መሐል መቋሚያውን ተደግፎ እንደቆመ ሐሳቡ መጀመሪያ ወደ በሬው፣ ከዚያ ወደ ማዳበሪያ ዕዳው፣ ከዚያም ወደ ሴቶቹ ወገን ሾልኮ ሲሄድ፣ እዚያ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ የሚያገኛት ያችኑ የቤቱን ሴት ነው።

ለማነጻጸር የሞርሞኑን ባል እንውሰድ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1830 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተች ናት፤ እሱም ትዳር አክባሪ ነው፣ በቤተ መቅደስ የጸና ጋብቻው ከሞት በኋላ እንኳ እንደሚቀጥል ያምናል። ጾሙ ግን በወር አንዴ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለት ማዕድ መተው ነው። ቡናም አይጠጣም፤ ያለ ቡና እንዴት እንደሚታረቁ እነሱ ያውቃሉ። እንግዲህ ይህ ሰው ሚስቱን የሚናፍቀው መቼ ነው? የእስቴው ባል ግን ምድጃ ጥግ ተቀምጦ ሚስቱ ሽሮዋን ስታማስል እያያት ፋሲካን በጣቱ ይቆጥራል።

«በቅዳሴ መሐል ሴት ማሰብ ኃጢአት አይደለም ወይ?» የሚል ይነሣል። ወንጌል ሴትን በምኞት ማየትን ከዝሙት ቆጥሮታል፤ ግን ያ ማስጠንቀቂያ ለሕግ ሚስት የተነገረ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያንም የሐሳብን ጠባይ ታውቃለች፤ ባታውቅማ ዲያቆኑ ደጋግሞ ተነሡ፣ ተመልከቱ፣ ጸልዩ እያለ ባላነቃን ነበር። የግብፁ የበረሃ አባት አባ ጴሜን ሐሳብ ላስቸገረው መነኩሴ ልብስህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዘው እንዳሉት ይነገራል። አልችልም ሲላቸው፣ ሐሳብም እንዳይመጣ ማድረግ አትችልም፣ መቃወም ግን ያንተ ፋንታ ነው አሉት። የጉና ተራራ ብርድ ለሚያንገላታው የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከተማ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ጠንከር ያለው ክርክር የሚመጣው ከሴቶቹ ወገን ነው፤ ከናፈቀ ለምን አይናገርም? እዚህ ላይ ባልን ነጻ ማውጣት አልችልም። ከገበያ ሻሽ ገዝቶ በጋቢው ሸሽጎ ያመጣል፤ ከዚያ «ረክሶ አገኘሁት» ብሎ መደቡ ላይ ይወረውርላታል። ይህም ንግግር ነው ብለን ብንሟገትለት እንኳ ሚስት ዕድሜ ልኳን ስትገምት እንድትኖር መፍረድ ግፍ ነው። ደግሞስ እሷ በዚያኛው ወገን ቆማ ምን እንደምታስብ ማን ጠየቃት? ስለ ድንቹ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ልጁ ሳል ይሆናል፤ ወይም ሻሹ በእውነት ረክሶ ነበር ወይ እያለች።

አባወራ ሆይ፣ በሁዳዴ ሐሳብህ ከቅዳሴ አምልጦ ቤትህ ቢገባ አትደንግጥ። አጥር ዘሎ ጎረቤት ከገባ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ቤትህ ከገባ ግን ለእሷ ንገራት፤ ለፋሲካ አታቆየው።