ይቅመሱት

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዞ የተሰለፈ ሰው ስልኩ ሲጮህ ቢያነሳ አይፈረድበትም። ሰውየው ግን አንስቶ ተጸጸተ።

«ጋሼ፣ ከሪል ስቴት ነው! በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ብቻ! ግቢው የታጠረ፣ ጥበቃው 24 ሰዓት!»

ሰውየው ቀና ብሎ የማረሚያ ቤቱን አጥር አየ። «እሱማ እዚህም አለ» ብሎ ዘጋው፤ ስልኩን በር ላይ ላለው ስልክ ጠባቂ ልጅ አስረክቦ ቁጥሩን ተቀበለ።

ፈታሹ ምሳ ዕቃውን ከፈተ፤ እንጀራውን ገለጠ፤ ወጡን አማሰለ። «ይቅመሱት፣ አባቴ።» ቀመሰ። «ውሃውንም።» ከሃይላንዱ ተጎነጨ።

ሃይላንድ! ፋብሪካው የትም ይሁን፣ የውሃ ፕላስቲክ ለእኛ ሃይላንድ ነው። ጠላ ቢሞሉበት፣ ዘይት ቢቀዱበት፣ ያው ሃይላንድ። የገጠር ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ አስፋልት ለአስፋልት ሲሮጡ የሚፈልጉት ባዶውን ነበር። ይህን ስም ያወረሰንን ውሃ የመሠረቱት አቶ ኤርሚያስ አመልጋ ናቸው፤ ዘመን ባንክንም፣ አክሰስ ሪል ስቴትንም። በአክሰስ ከ2,000 በላይ ሰዎች ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ከፈሉ። መሥራቹ ከአገር ወጡ፤ ተመለሱ፤ የመንግሥት ኮሚቴ ተቋቋመ። ገዢዎቹ ቤት ሲጠብቁ ዓመታት ቆጠሩ።

ለሽሮ ቀማሽ ያለው አገር፣ ለሚሊዮን ብር ቤት ቀማሽ ይጣ? ገዢውስ! በግ ሲገዛ ላቱን ዳብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ የሚያይ ሰው፣ ቤት ሲገዛ በኮምፒውተር የተሳለ መዋኛ አይቶ ይፈርማል። ካርታው በማን ስም ነው? የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ወለል ነው? መሬቱ በባንክ ብድር ተይዟል? እገዳስ አለበት? የዕቃ ዋጋ ሲንር ጭማሪው በገዢ ላይ ከሆነ፣ ማስረከቢያው ሲያልፍ የሻጩ ቅጣት ስንት ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ገና ያልተሠራን ቤት ለማስረከብ የሚደረግን ውል እንደ ግንባታ ሥራ ውል ነው የሚያየው። «ቤት ገዛሁ» ብሎ የደገሰው ሰው፣ በሕግ ዓይን ግንበኛ ቀጥሮ ነው!

«አባቴ፣ ይለፉ እንጂ!» ሰልፉ አጉረመረመ።

ለነገሩ በ2017 የሪል ስቴት አዋጅ ወጥቷል፤ ደግ ነው። ሰውየውም ቢሆን ቤት አይጠላም፤ የሚኖረው በኪራይ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ሰሞኑን ሰላምታ ቀንሰዋል።

እስረኛውን ጠይቆ ሲወጣ ስልክ ጠባቂው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አመሳክሮ ስልኩን መለሰለት።

«ጋሼ፣ አንዲት ልጅ ደጋግማ ደወለች። እንዳትረብሽ ብዬ አነሳሁት።» ትንሽ አመነታ። «10 በመቶው ግን ስንት ብር ይመጣል?»