የ«ይሆናል» ሕግ፦ ስለ ባዶ ቆርቆሮ ሁለተኛ ሕይወት የቀረበ ምሁራዊ ዳሰሳ

በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ የያዘው ያለቀበት ዕቃ አይጣልም፤ ይታጠባል። ይህ ጥናት የሚነሳው ከዚህ፣ ሁሉም ከሚያውቀውና ማንም ካልመረመረው እውነታ ነው። ወተቱ ያለቀ የኒዶ ቆርቆሮ፣ ዘይቱ የተንጠፈጠፈ ጀሪካን፣ ማርማላታው በጣት ሳይቀር ተጠርጎ የተበላ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ተገልብጦ ደርቆ፣ ከቁም ሳጥን በላይ ወይም ከአልጋ ሥር ይገባል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በሰፈርም፣ በሃይማኖትም፣ በገቢም አይለያይም፦ «ተወው፣ ለአንድ ነገር ይሆናል።» አጥኚው ይህን የ«ይሆናል» ሕግ ብሎ ሰይሞታል።

ሕጉ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ አይገልጽም። ድክመት ቢመስልም ጥንካሬው ይኸው ነው፤ ያልተገለጸ ነገር ሐሰት ሆኖ አይገኝም። ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያገኘውን ቁርጥራጭ እያገጣጠመ የሚሠራ ሰው ዕቃ የሚያጠራቅመው አስቀድሞ ለታሰበ ሥራ ሳይሆን አንድ ቀን ይጠቅማል ብሎ እንደሆነ አትቷል። እናቶቻችንን በምንጭነት አለመጥቀሱ የዘመኑ ልማድ ነው ተብሎ ይታለፍ።

ለዝርዝር ምርመራ የኒዶ ቆርቆሮ ተመርጧል፤ ከገባበት ቤት ሲወጣ እምብዛም አይታይምና። ወተቱ እንዳለቀ መጀመሪያ የሚሾመው በስኳር ላይ ነው። ክዳኑ ሲሰነጠቅ ወደ ሽሮ ወይም ወደ ኮረሪማ ዝቅ ይላል። በዚህ ደረጃ መደርደሪያው ላይ ሦስትና አራት አንድ ዓይነት ቆርቆሮዎች ይሰለፋሉ፤ የትኛው ምን እንደያዘ የምታውቀው እናት ብቻ ስትሆን፣ የቀረው ቤተሰብ እየነቀነቀ በድምፅ ይለያል። የከተማችን ልጅ ማንበብ ሳይችል በፊት፣ ዕቃ ላይ የተጻፈ ነገር እንደማይታመን ይማራል። (የብስኩት ቆርቆሮ በጉጉት ከፍቶ መርፌና ክር ያገኘ ሕፃን፣ ካደገ በኋላ የምርጫ ቅስቀሳ ሲሰማ የሚያሳየው እርጋታ ከዚህ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።) በመጨረሻ ሥሩ ሲዝግ በሚስማር ይበሳና አፈር ሞልቶ ጤና አዳም ይተከልበታል። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለቡና ቅጠል ማቅረቡን ጡረታ ብሎ መጥራት አይቻልም።

የቀሩት ዕቃዎች ብዙ አያከራክሩም። ማዳበሪያ የያዘው ጆንያ ማዳበሪያነቱን ከጨረሰ በኋላ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ተሰፍቶም ኮርኒስ ይሆናል። ቆርኪ ከሚስማር ሥር ገብቶ ሸራው እንዳይቀደድ ይጠብቃል፤ አንደኛ ክፍል ደግሞ መደመር ያስተምራል፣ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን በቢራ ቆርኪ አምስትና ሦስትን ሲደምር ይታያል። አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ኳስ ይሆናል።

ፌስታል ግን ከሕግ ጋር ስለተጋጨ ለብቻው መታየት አለበት። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ፌስታልን በውፍረቱ ለይቶ ድንበሩን በ0.03 ሚሊሜትር ላይ አኑሮ ነበር። የቤት ውስጡ ምደባ በሚሊሜትር አይሠራም፦ ወፍራሙ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፣ መካከለኛው ዳቦ ይገዛል፣ ስሱ ሌሎች ፌስታሎችን ይይዛል። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። የክልከላው መነሻ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ፕላስቲክ ነው፤ በዚህ ጥናት በተዳሰሱት ቤቶች እንዲህ ያለ ፌስታል አልተገኘም። ከማጀት በር ኋላ የተንጠለጠለው ክምችትም አዋጁን ያወጣውን ምክር ቤት ዘመን የሚያሻግር ነው።

ዕቃው ከቤት የሚወጣባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ልዋጭ ነው፤ አሮጌ ልብስ ይወስድና የፕላስቲክ ሳፋ ይተዋል፣ ሳፋው ሲሰነጠቅ ደግሞ ለሁለተኛው በር ይደርሳል። ሁለተኛው ቁራሌው ነው። እዚህ ላይ አንድ የኢኮኖሚ ክስተት ተመዝግቧል፦ ለዓመታት እግር ሲያደናቅፍ የኖረ የተቀደደ ጀሪካን፣ ቁራሌው «ስንት ልስጥ?» ባለ ቅጽበት የአባት ቅርስ ይሆናል። የሰፈር ሴቶች «ይህን የመሰለ ጀሪካን!» ሲሉ ዕቃውን ከገዙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰግኑታል።

ከቁራሌው ጆንያ በኋላ መንገዱ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ያመራል። መርካቶ አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ነው። ወራሪው ነጩንና ሐበሻውን በፕላን ሊለይ አስቦ ነበር። ፕላኑ ከወራሪው ጋር ሄደ፤ ገበያው ወራሪው የሰጠውን ስም አስቀርቶ ለራሱ ሥራ አዋለው። የተጣለን ዕቃ ለሌላ አገልግሎት ማዋል እዚህ ሰፈር ከቆርቆሮ አይጀምርም ማለት ነው።

ወደ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው አድራሻ አያስፈልገውም፣ መዶሻው ይጠራዋል። በርሜል ተሰንጥቆ፣ ተደብድቦ፣ ጠፍጣፋ ላሜራ ይሆንና ከዚያ በር፣ የከሰል ምድጃ ወይም አክንባሎ ይወጣዋል። የካሚዮን ባሌስትራ ተግሎ መጥረቢያና ቢላዋ ይሆናል፤ ጎማው በረባሶ ሆኖ ያንኑ መንገድ በእግር ይደግመዋል። ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት ከአሮጌ ጎማ ሶል እያወጣ ጫማውን ለባሕር ማዶ ገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በረባሶን ሲንቁ የነበሩ ሰዎች አስተያየታቸውን በዶላር አሻሽለዋል።

የሕግ ባለሙያዎችን የሚያነጋግረው የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። ላዩ ላይ የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ መሆኑና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ በእንግሊዝኛ ታትሞበታል። የተራው ትርጓሜ ግልጽ ነው፤ ክልከላው ዘይቱን እንጂ ቆርቆሮውን አይመለከትም። ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ ሲሆን ጠንቃቃ ባለሙያ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ያልተጠነቀቀው ወደ ውጭ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ «አይሸጥም» የሚለው ዕቃ ዋጋ እየተከራከሩበት ይሸጣል።

ለንጽጽር ያህል፦ እ.ኤ.አ. በ1913 ሠዓሊው ማርሴል ዱሻም የብስክሌት ጎማ በበርጩማ ላይ ገልብጦ ተከለ፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተለወጠ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጎማው አልተነዳም፣ በርጩማው ላይም ማንም አልተቀመጠም። ምናለሽ ተራ ቢሆን ጎማው ለጋሪ፣ በርጩማው ለሊስትሮ ይሸጥ ነበር። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሁለቱን ዓለማት ያስታረቀ ይመስላል፤ ከመርካቶ የተለቀሙ የኮምፒውተር ክፍሎችንና ባለቀለም ሽቦዎችን እየጎነጎነ የሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ታይተዋል። ለተራው ነጋዴ ይህ ዜና አይደለም። ሽቦ ለአንድ ነገር እንደሚሆን ድሮም ያውቅ ነበር።

ሳይንስ ግን ሕግ ሁሉ ይፈተን ይላል። አጥኚው ለፈተናው የመረጠው፣ ቴሌቪዥኑ ከተቃጠለ የቆየ፣ የባትሪ ክዳኑ የጠፋና በላስቲክ የታሰረ ሪሞት ነው። ለምንም እንደማይሆን ከቤት ሳይወጣ ተረጋግጧል። ምናለሽ ተራ ሲቀርብ ወጣቱ ነጋዴ ገልብጦ አየው፣ ቁልፎቹን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ዋጋ ጠራ። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ቢጠየቅ «እኔ እንጃ ጋሼ፣ ይቀመጥ እስቲ» አለ፤ ቀጥሎም «ቲቪውስ የለም?» ሲል ጠየቀ። አለ፤ ሆኖም አዲሱ ቴሌቪዥን የተቀመጠው በእሱ ላይ ስለሆነ ለሽያጭ ሊቀርብ አልቻለም።