ልስጥ ወይስ ላስጠና?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ የደነባ ከተማን ደመወዝተኛ ክፉኛ አስጨንቆታል። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ አለና ለመንግሥት ይሄድ የነበረ ገንዘብ እጁ ላይ ቀረ። አምስት ሺህ ለሚያገኘው በወር 197 ብር ከ50፣ አሥር ሺህ ለሚያገኘው 395፣ ከ14,000 በላይ ለሆነው ደግሞ 550 ብር። ይህን ሁሉ ሀብት ምን ያድርገው? ጥሎበት ርኅሩኅ ነው። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ውስጥ ዓመታት የቆጠረ ወገን እንዳለ ያውቃል፤ ደብረ ብርሃንን ረግጦ በተመለሰ ቁጥር «ያን ብርድ እንዴት ቻሉት?» ሳይል አያድርም። ስለዚህ ልስጥ አልስጥ ብሎ ይመክራል።

ምክሩ ጥልቅ ነው። አንዱ ይነሣና «ገንዘብ በእጅ መስጠት ተረጂነትን ያስለምዳል» ይላል። ይህን የሚለው የውሎ አበሉ ሦስት ቀን ሲዘገይ የፋይናንስን በር ተደግፎ የሚውለው ሰው ነው። ሌላው «እውነተኛውን ተፈናቃይ ከአስመሳዩ በምን እንለያለን?» ብሎ ይጨነቃል። መረጃ ይሰብሰብ፣ መስፈርት ይውጣ፣ ኮሚቴ ይዋቀር! ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ አለው፤ የሌለው ሒሳቡ ብቻ ነው። የቃለ ጉባኤው ማሳረጊያም ምንጊዜም አይለወጥም፦ «በቀጣይ በስፋት ልንወያይበት ተስማምተን ተለያይተናል»።

ይኸው አስተዋይ ሰው ለፋሲካ የጂሩ ሰንጋ ቅርጫ ሲገባ ግን ጥናት አያስጠናም። «ጮማው ስንፍና ያስለምደኝ ይሆን?» ብሎ አይሰጋም፤ መስፈርት ይውጣ አይልም። ቢላዋው ሳይሳል ድርሻውን ከፍሎ ጨርሷል። መደቡ ላይ ቅጠል ሲነጠፍ የእሱ ዓይን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሽንጡ ለየትኛው መደብ እንደ ደረሰ።

«ኑሮ ተወዷል፣ ለእኛስ ማን አዘነልን?» የሚለው ክርክር ግን ቀልድ አይደለም። የዘይትና የጤፍ ዋጋ 395 ብርን በአንድ ገበያ ይውጣታል። ለዚህም ለዚያም ተብሎ ያለ ፈቃዱ ደመወዙ ሲቆረጥበት የኖረ ሰውም መዋጮ ሲባል ቢበረግግ አልፈርድበትም። ታዲያ «የለኝም» ብሎ መተው እያለ ቃለ ጉባኤ ምን አመጣው? ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውየው ገንዘቡንም ይፈልጋል፣ ደግ መባሉንም ይፈልጋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስገኝ ከስብሰባ በቀር ሌላ ዘዴ አልተገኘም። ኮሚቴው እስከተወያየ ድረስ ማንም አልነፈገም፣ ማንም አልሰጠም። ተፈናቃዩም ስለ እሱ በስፋት ውይይት እየተደረገ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ሸራው የሚያፈሰውን ዝናብ ይረሳው ነበር!

ወንድሜ፣ ልብህ ካልፈቀደ አትስጥ። ገንዘቡ የላብህ ነው፤ አዋጁም ስጥ አላለህም። ልትሰጥ ከሆነ ደግሞ 550 ብር ሰብሳቢና ጸሐፊ አያስፈልጋትም። ብቻ ስለ እግዚአብሔር፣ ስብሰባ አትጥራ።